አድሱ ያልኩት ግድግዳ

ሰኞ፣ ሰኔ 4 ቀን 1976

ይህን ደብተር የገዛሁት የግድግዳ ስንጥቅ ልመዘግብበት ነበር። ብስጭቴ ከስንጥቁ እኩል እየበዛ ስለሄደ ሁለቱም እዚሁ ይግቡ።

ጠዋት ከአዲስ አበባ መመሪያ መጣ። ከመጪው መስከረም ጀምሮ ጥንታዊ ቤት መንካት የሚችለው የሙያ ማረጋገጫ ያለው ሰው ብቻ ነው። ፈታኞች በነሐሴ እየዞሩ እያንዳንዱን ተፈታኝ ራሱ በጠገነው ቤት ውስጥ አቁመው ይጠይቁታል። ያለፈ ምስክር ወረቀት ይይዛል፤ የወደቀ ወደ ቱቦና ወደ መጸዳጃ ቤት ንድፍ ይመለሳል። ከአርሲ ክፍለ ሀገር የታጨው ስም አንድ ብቻ ነው። የዴራዋ አልጣሽ! እማዬ ብትሰማ «መጀመሪያ ባል አግኚ» ትለኛለች፤ ስለዚህ አልነግራትም።

የምፈተንበት ከገበያው በላይ ያለው ባለ ሰገነቱ ቤት ነው። አንድ ፊታውራሪ ያሠራው ነው ይላሉ። ዛሬ «ፊታውራሪ» የሚለውን ሁሉም ስለሚውጠው ስሙ «ፎቁ ቤት» ሆኗል። ምሰሶው ጥድ፣ ግድግዳው ጭቃና ጭድ። ታቹን ቀበሌው ማንበቢያ ክፍል አድርጎታል፤ ላዩን እርግብ ይዞታል። አሰላ ከመጣሁ ጀምሮ ስጠጋግነው ኖሬአለሁ። ወረቀቱን ካላገኘሁ ግን የሚነካው ሰው አይኖርም፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ካሣዬ ደግሞ «ባለሙያ ካልተገኘ አፍርሰን በብሎኬት እንሠራዋለን» ብሎ በስብሰባ ተናግሯል። ሲናገር ሲያጨበጭቡለት እኔም አጨብጭቤአለሁ። ምን ላድርግ?

ማመልከቻው የቅርብ አለቃ ወይም የሌላ ክፍል ኃላፊ ፊርማ ይፈልጋል። የቢሮአችን የንድፍ ክፍል ኃላፊ፣ አለቃዬ አቶ ገብረሥላሴ ዘንድ ይዤ ገባሁ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ይቀመጥ፣ ልጄ» አሉኝ። ይቀመጥ! ዶሮ የታቀፈችው እንቁላል ነው እንዴ?

ሐሙስ፣ ሰኔ 7

አልፈረመም። «ቀስ በይ» አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ውስጥ አንቱታ የለውም።

ጭቃው ግን በደንብ ቦክቷል። ከዲጃ ከሴቶቿ ጋር ጭዱን እያስገባች ስትረግጠው ዋለች። ከዲጃ ከሁሩታ የመጣች የምርጊት ሴቶቹ አለቃ ናት፤ ከእኔ በዕድሜ ብዙም አትበልጥም፣ በአፍ ግን ትበልጣለች። ሮመዳን ነው፤ ውሃ ሳትቀምስ ጭቃ ስትረግጥ ውላ፣ እኔ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ «አንቺ ደከመሽ ወይ?» ትለኛለች።

«ጋሼ ፈረሙልሽ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ሊፈርም? ቀንቶብኝ ነው። ጡረታው ደርሷል፣ እኔ ባለ ወረቀት ልሆን ነው።»

ከዲጃ ጭቃውን ከእግሯ አራገፈች። «ባይፈርሙልሽ ይሻል ይሆናል» አለች። ጓደኛ ተብላ ይህን ትበል? ቀኑን ሙሉ አኮረፍኳት። አላወቀችልኝም፤ ይባስ ብላ ስትዘፍን ዋለች።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 19

የደረጃውን ንድፍ ጨርሼ ለማይፈርመው ሰውዬ አሳየሁት። ለረጅም ጊዜ አየው። ጣቱን አሳረፈና «ሦስተኛዋ መርገጫ ጥድ አይደለችም፤ ዝግባ ናት። ከጣሊያን በኋላ ነው የተተካችው» አለኝ። ሄጄ ፋቅ አደረግኋት። እውነትም ዝግባ።

ይህ ሰው የሥራውን ቦታ አንድ ቀን ረግጦ አያውቅም። አንድ ቀን! እንዲመጣልኝ ስንት ጊዜ ለመንኩት፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ዝናብ ነው፣ ስብሰባ አለው። ታዲያ ዝግባዋን በምን አወቀ? ከሠራተኞቹ መካከል የሚያወራለት ሰው አለ ማለት ነው። ቶላን ጠረጠርኩ፤ አናጢዎች ወሬ ይወዳሉ። «አንተ ነህ የምትነግረው?» ስለው ቶላ ሚስማሩን በጥርሱ እንደያዘ አየኝና አየኝና ሳቀ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 3

በጥድፊያ። ሊቀመንበሩ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ሁሉም የቀበሌ ቤት አምሮ መታየት አለበት አለ፤ የሳምንቱን ዕቅድ በሰሌዳው ላይ ጻፊ አለኝ። «የምዕራቡ ግድግዳ እድሳት» ብዬ ጻፍኩ። ደስ አለው። ነገ በቆጂ ልሂድ ተብያለሁ። አንድ የእህል መጋዘን ጣሪያ አፍስሷል፣ እይው። ማን አዘዘ? ሰውዬው ነዋ! ፈተናዬ በደረሰበት ሰዓት ወደ ብርድ ይልከኛል። «ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ቆዪ፣ አትቸኩይ» ብሎ ሹራቡን ሊሰጠኝ ነበር። አልተቀበልኩም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 11

ተመልሻለሁ። ሹራቡን ባለመቀበሌ በቆጂ ላይ ዋጋዬን ከፍያለሁ፤ አፍንጫዬ አሁንም አልተመለሰም። ይህ ግን ምንም አይደለም።

ከአውቶቡስ ወርጄ በቀጥታ ወደ ፎቁ ቤት ሄድኩ። ከሩቅ አንድ ነገር ያብለጨልጫል። ቆርቆሮ መስሎኝ ነበር። የምዕራቡ ግድግዳ ነው። ከላይ እስከ ታች ሲሚንቶ ተለስኖ፣ ውሃ ሰማያዊ ተቀብቶ፣ በላዩ ላይ ቀይ ኮከብ። ወጣቶቹ፣ የሴቶች ማኅበሩ፣ ሁሉም በዘመቻ ወጥተው በአንድ እሑድ ጨርሰውታል። ሲሚንቶውንም ጓድ ካሣዬ ራሱ ስንት ደጅ ጠንቶ ነው ያገኘው።

በሩ ላይ እየጠበቀኝ ነበር። እጄን ጨብጦ አልለቅ አለ። «አዲስ አደረግንልሽ፣ ጓድ አልጣሽ! ሰሌዳው ላይ እድሳት ብለሽ ጽፈሽ አልነበር? አደስነው!»

«ተባረኩ» ነው ያልኩት መሰለኝ። ተባረኩ! ከዲጃ ከጀርባው ቆማ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። ልትከለክል ሞክራ «አንቺ ሙያው ያለሽ ነሽ ወይስ ጓድ አልጣሽ?» ብለዋት ነበር።

የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይቀበላል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይመልሳል፤ ዕድሜው በዚህ ነው። ሲሚንቶ ሲደረብበት የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። ውስጥ ውስጡን ማገሩ ይበሰብሳል፤ ከውጪ ግን የሙሽራ ፊት ይመስላል። ይህን ገና ተማሪ ሳለሁ በቃሌ የማውቀው ነው። ሁላችንም «እድሳት» እንላለን፣ እኔም አፌን ሞልቼ አልኩ። ቃሉ ራሱ አዲስ አድርጉት ይላል። እነሱም ያልኩትን አደረጉ። የእኔ ሥራ ግን አሮጌውን አሮጌ እንደሆነ ማቆየት ነው፤ እሱ ጥገና ነው የሚባለው። ሊቀመንበሩ ምን አጠፋ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ምላሴን በነከስኩት ኖሮ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 14

ላስወግደው ብዬ አሰብኩ። ሕዝብ በዘመቻ የሠራውን፣ ያውም ቀይ ኮከብ ያለበትን ግድግዳ በመዶሻ ብመታ ከፈተናው በፊት ሌላ ጥያቄ ይመጣብኛል። ብተወው ፈታኞቹ ከበሩ ሳይገቡ ይጥሉኛል። ቢያሳልፉኝ እንኳ ቤቱ ራሱ ይወድቃል።

ከዲጃ አንድ ነገር ነገረችኝ። በቆጂ ሳለሁ ቢሮአችን ስብሰባ ነበር፤ ሰውዬውን ሲጠይቁት ውለዋል። ስለ ምን እንደሆነ አታውቅም ወይም አልነገረችኝም። «አንቺ አለመኖርሽ ደግ ነው» አለች። የሥራ ግምገማ ይሆናል። ስለ ፊርማዬ ጠይቀውት ከሆነ ደግ አደረጉ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 26

ዝናብ። ዝናብ። የጭላሎ ተራራ ከታየ ሳምንት አለፈው። ማንበቢያ ክፍሉ ውስጥ ከምዕራቡ ግድግዳ ግርጌ እጄን አሳረፍኩ፤ ላብ። መጽሐፎቹ ሻግተዋል።

እማዬ ከዴራ ልካብኝ ነበር፤ ዘመድ ታሟል መጥተሽ ጠይቂ ትላለች። አልሄድኩም። ክፉ ልጅ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 1

ጉድ በል! ማመልከቻዬ ተፈርሞ አልፏል። የፈረመልኝ የመንገድ ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ሰላምታ እንኳ በቅጡ ተሰጣጥተን የማናውቅ። ሥራዬን ከሩቅ አይቶ ነው እንግዲህ። ሰው ዓይን አለው፤ ሁሉም እንደ አለቃዬ አይደለም። ይህንኑ ሰውዬው እየሰማ ጮክ ብዬ ለጸሐፊዋ ለአባይነሽ ተናገርኩ። እሱ «እንኳን ደስ ያለሽ» ብሎ ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ። አባይነሽ ግን እንደ ባለጌ አየችኝ። ምን አጠፋሁ?

ፍልሰታ ገባ። ጾሙንም ብስጭቱንም አብሬ እይዘዋለሁ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 9

ዛሬ በሰፊው እጽፋለሁ፤ መብራቱም አልጠፋም።

ግድግዳው ሆዱን ነፋ። ከቀዩ ኮከብ በታች ሲሚንቶው ከጭቃው ተላቆ ወጥቷል፤ በጣት ስትመታው ባዶ እንስራ ይመስላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ልቤን አጠነከርኩና ጓድ ካሣዬን ጠራሁት። ከዲጃም ነበረች።

«እርጥበት ነው፤ ሌላ ሲሚንቶ እንደርብበት» አለ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህ ግራ እጅዎ እንዴት ነው የተጣመመው?» አልኩት። ለምን ይህን እንደጠየቅሁ አላውቅም፤ ግድግዳውን በዚያ እጁ ደግፎ ስለነበር ይሆናል።

«ልጅ ሆኜ ከዛፍ ወድቄ ነው። ወጌሻ ነው የሠራኝ።»

«ወጌሻው አደሰዎት ወይስ ጠገነዎት?»

«ጠገነኝ ነዋ! እጅ ይታደሳል እንዴ?»

«ቆርጦ አዲስ እጅ ቢቀጥልልዎትስ?»

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ እጁን አየ፣ ግድግዳውን አየ። ከዲጃ ደግሞ ዝም ማለት አትችልም፤ «ጥገናን በኦሮምኛ ሱጱ ነው የምንለው፣ ጓድ። እንስራ ሲሰነጠቅ ሱጱ። እርስዎ ያደረጉት ሌላ ነው፤ ለአሮጊት የሙሽራ ልብስ» አለችው። ሊቀመንበር እኮ ነው! እሱ ግን በሳቅ ወደቀ።

ሳቁ ሲያልቅ ፊቱ ጠቆረ። «ሲሚንቶውን የጠየቅሁት በፊርማዬ ነው። አበላሸ ብባልስ?» አለ። ለካ ይህም ሰው ይፈራል። የምፈራው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

«ስህተቱ የእኔ ነው። እድሳት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ማንም ቢጠይቀኝ ይህንኑ እላለሁ» አልኩት።

ኮከቡን በጣውላ ላይ አሥለን ከሰገነቱ እንሰቅለዋለን፣ ከመንገድም የበለጠ ይታያል ተባብለን ተስማማን። ከዚያ መዶሻውን ከቶላ ተቀብሎ የመጀመሪያውን እሱ መታው። ልጣጩ እንዳለ ወረደ። ከውስጥ ማገሩ ጠቁሮ ውሃ ያንጠባጥባል። «እኔን!» አለ፤ ለሰው እንደሚባለው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 17

ጊዜ የለም። ሸራ ወጥረናል። የበሰበሰው ማገር ወጣ፣ አዲሱ በልጥ ታሰረ፣ የመጀመሪያው ምርጊት ገባ። በዚህ ዝናብ አይደርቅም። ከዲጃ ፈታኞቹ እርጥብ ሆኖ ይዩት ትላለች። ጓድ ካሣዬ በየቀኑ መጥቶ ጭድ ይሸከማል፤ እንዳይመጣ ማድረግ አልቻልንም። ሰውዬው ግን አሁንም አልመጣም። ዛሬ ብቻ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆሞ «ከእበቱ ጋር አመድ ይግባ፣ ያለዚያ ይሰነጠቃል» ብሎ ነገረኝና ሄደ። አውቃለሁ እኮ! አመዱን ግን ረስቼው ነበር።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 23

መጡ። ሦስት ናቸው፤ ጠያቂው ግን አንድ ሸምገል ያለ መሐንዲስ ነው፤ ሌሎቹ ይጽፋሉ። ወጣ ወረደ፣ ምሰሶውን አሸተተ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ስለ ዝግባዋ መርገጫ ነገርኩት፤ ተነሥቶ ፋቃትና «ይህን ማን አስተማረሽ?» አለኝ።

ስሙ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብቀየመውም የሰው ዕውቀት አልሰርቅም። «አለቃዬ...» ስል ከዲጃ እግሬን ረገጠችኝ። ጓድ ካሣዬም ከመሐንዲሱ ጀርባ ሆኖ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። «አለቃዬና የአካባቢው ሽማግሌዎች የሚያውቁትን ጠያይቄ ነው» ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ወደ እርጥቡ ግድግዳ መጣን። መሬት ላይ የሲሚንቶ ስባሪ ቀርቶ ነበር። አነሣው።

«ይህን ያስለሰነው ማነው?»

ጓድ ካሣዬ መሬት መሬት ያያል።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እድሳት ብዬ ጻፍኩ፣ እንደ ቃሌ ተሠራ። ጥገና ማለት ነበረብኝ። ከዚያ አብረን አወረድነው።»

«እርጥብ ሥራ ለፈተና ታቀርቢያለሽ?»

«ደረቅ ውሸት ከማቀርብ ይሻላል ብዬ ነው።» ይህን ከየት አመጣሁት?

አልሳቀም። ጭቃውን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው፣ አሸተተው፣ «አመድ አለበት» አለ ለጸሐፊዎቹ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ፈቃዱን የሚያገኝ ሰው አብረውት የሚሠሩትን የሚመርጠው ራሱ ነው። ቢያጠፉ የሚጠየቀውም ራሱ ነው። ይህን ታውቂያለሽ?» አለኝ። አውቃለሁ አልኩ። ሄዱ።

ሲሄዱ ካሣዬ ላይ ጮህኩበት፤ ጓድም ሊቀመንበርም ረስቼ። «ለምን ስሙን አስዋጣችሁኝ? ቢቀናብኝም ያስተማረኝ እሱ ነው!»

«አንቺ ልጅ፣ ከምር አታውቂም?» አለኝ። «ገብረሥላሴ እኮ የፊታውራሪው የእህት ልጅ ናቸው። እዚህ ቤት ነው ያደጉት። ትርፍ ቤት የወረሰው ዐዋጅ ከወጣ ወዲህ ይህን ግቢ እንዳይረግጡ ተከልክለዋል። እሳቸው ቢፈርሙልሽ ኖሮ ወረቀትሽ ከአሰላ አይወጣም ነበር። የመንገድ ክፍሉን ሰው ደጅ የጠኑት ራሳቸው ናቸው። ስለ ፊታውራሪው ለተጠየቁበት ስብሰባም አንቺን በቆጂ ሰደው ብቻቸውን ቆሙበት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት ከዲጃን።

«ሀገር የሚያውቀውን አታውቂም ብዬ በምን ልገምት? እያወቅሽ የምትሰድቢያቸው ነበር የመሰለኝ።»

ማን ለመነው? ማን ጠብቀኝ አለው? በገዛ እጄ ልወድቅ እችል ነበር እኮ! ተናድጃለሁ። በጣም ተናድጃለሁ፤ ለዚህ ነው ዓይኔ እንዲህ የሆነው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 24

«ደህና አደሩ፣ ጋሼ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ወንበራቸው እግሩ እንደተላቀቀ አየሁና ቶላን ጠርቼ አስጠገንኩላቸው። ሌላ የማደርገው አላውቅም።

ዓርብ፣ ጳጉሜ 2

አልፌአለሁ!

ትናንት አረፋ ስለነበር ከዲጃ ቤት ጠርታኝ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ዜናውን ይዤላት ስሮጥ ገና በዓሉ አላለቀም ነበርና እልል ብላ ጎረቤቱን ሁሉ አወጣች። ምስክር ወረቀቱን የሰጡኝ ጋሼ ናቸው፤ በቢሮው በኩል ነው የመጣው። በሁለት እጃቸው ነበር የያዙት። «እኔ አልፈረምኩልሽም፣ አልጣሽ» አሉኝ። «አውቃለሁ፤ ባይፈርሙ ነው ያለፍኩት» አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፤ መልሰው ለማድረግ ግን ቆዩ። ስንት ቀን ያን መነጽር አይቼ ትዕቢት ነው ብያለሁ!

ዓርብ፣ መስከረም 4 ቀን 1977

በዓሉ አለፈ። ኮከቡ ከሰገነቱ ላይ አምሮ ታየ፤ ከላይ የመጣው እንግዳ ካሣዬን አመሰገነው።

ትናንት የባለሙያነት የመጀመሪያ ሥራዬን ሠራሁ፤ አብረውኝ የሚሠሩትን ጻፍኩ። ምርጊት፣ ከዲጃ። አናጢ፣ ቶላ። የሥራው አማካሪ፣ አቶ ገብረሥላሴ። ከሥሩ ፈረምኩና ለካሣዬ አቀረብኩለት። ስሙን ሲያይ እስክሪብቶው ቆመ።

«ቢያጠፉ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ» አለ።

«እኔ ነኝ።»

በቀበሌው ማኅተም ላይ ተነፈሰና መታው። «ሱጱ ነው እንግዲህ» አለ ለራሱ።

ዛሬ ጠዋት ጋሼን ከቢሮ አብሬአቸው ወጣሁ። ወዴት እንደምንሄድ አልነገርኳቸውም፤ ገበያውን ስናልፍ ገባቸው፤ እርምጃቸው አጠረ። ግቢው በር ላይ ስንደርስ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሠራተኞቹ መንገድ ለቀቁ። ይግቡ፣ ቤትዎ ነው ብል በወደድኩ፤ እንዲህ ያለ ቃል ግን በዘመናችን አይባልም።

«ጋሼ፣ ሥራ ረፍዷል፤ ይግቡ» አልኩ።

ገቡ። ደረጃውን አላዩም፣ ሰገነቱንም ቀና ብለው አላዩም፤ በቀጥታ የመጨረሻው ምርጊት ገና ወዳልደረቀበት ወደ ምዕራቡ ግድግዳ ሄደው መዳፋቸውን ዘረጉና አሳረፉበት። እንደዚያው ቆሙ። የጣታቸው ምልክት ምርጊቱ ላይ ሲቀር አይተው ደነገጡ፤ ሊያብሱት ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

«ይተውት፣ ጋሼ» አልኳቸው። «እንዲሁ ይድረቅ።»